ለአዲሎ ባጃጁ ይቅደም

ቡናው እስኪፈላ ስለ መኪና እንጫወት። የመኪና ወሬ ሲነሳ ቶሎ ፍጥነት ላይ ይደርሳል፤ ከዜሮ መቶ ለመግባት ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው፣ ስንት ሲሲ ነው ይባባላል ሰው። ወሬውን እኔም እወደዋለሁ። ለአዲሎ ሰው ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ። በገበያ ቀን በርበሬዋን በጆንያ፣ ልጇን በጀርባዋ ይዛ የመጣች እናት በስንት ብር ቤቷ ትገባለች? የዘመኑን መኪና እኔ የምመዝነው በዚህች እናት መቀነት ነው።

ከከምባታዋ አዲሎ ወደ ዱራሜ ስትሄዱ አገሩ ከፍ እያለ ይመጣል፤ ዱራሜ አጠገብ የአምባሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሆሳዕናም 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው ለዓይን ደስ ይላል፤ ለሞተር ግን ፈተና ነው። ቤንዚን ያለ አየር አይነድም፤ ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ሆሳዕና ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ይቀልለታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ጭራሽ አይፈልግም፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የነበረው ጉልበት አምባሪቾ ሥርም አለ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይይዛል። መንገድ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች ከዚህ ጎማ ላይ የሚያደርሱት ሩቡን ያህል ነው፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መርሴዲስ ለፎርሙላ ዋን የሠራው ሞተር በ2017 እ.ኤ.አ. በሙከራ ክፍል ውስጥ ከግማሽ በላዩን ወደ ሥራ መለወጥ ሲችል በዓለም ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር። እንግዲህ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለውን የቤት መኪና ተመልከቱ። ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ የያዘው ጉልበት የ7 ሊትር ቤንዚን ያህል ቢሆን ነው። በዚያችው ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

ቁልቁለቱም ሲሳይ አለው። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። በተለመደው መኪና ይህ ሁሉ የፍሬን ሸራ ሲበላ፣ ፍሬን ሲያግል ያልቃል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ሲወርድ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ዳገትና ቁልቁለት ለሞላበት አገር እንዲህ ያለ መኪና መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነዳጁ በዶላር ተገዝቶ በጂቡቲ በኩል ይመጣል፣ መብራቱ ግን የራሳችን ውኃ ነው። ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት። ቀረጡም ታስቦበት ነበር፤ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚመጣ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ። የኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተርስ በ2012 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ አዮኒክ ገጣጥሞ አሳይቷል። ውሳኔውን እደግፈዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ጥቅሙ የት እንደቆመ ነው። አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ብትቆሙ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራው ባለ ሰባት ወንበሩ ፎልክስዋገን አይዲ 6 ተሰልፎ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው አንድ ሰው ነው። በየገጠሩ ከተማ ደግሞ የባጃጅ ልጅ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ገዝቶ፣ ማደያ ከሚሸጥበት በላይ ከፍሎ ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. 25 ብር ገደማ የነበረ ሊትር በ2017 ዓ.ም. በማደያ ዋጋ እንኳ ከ100 ብር አልፏል። ያ ጭማሪ በቀጥታ የሚወርደው ባለ ጆንያዋ እናት ላይ ነው።

ስለዚህ የእኔ ነገር ባጃጁ ይቅደም ነው። ባጃጅ ሩቅ አይሄድም፣ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ይጭናል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ የቤንዚን ባጃጅ ከሦስት እስከ አራት ሊትር ይጠጣል። የኤሌክትሪኩ ለዚያው መንገድ 7 ወይም 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ክፍያው ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በእጅጉ ያንሳል። የቤት መኪናን ትልቅ ባትሪ ከተራ ሶኬት፣ በ2.2 ኪሎዋት እንሙላ ብንል ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። የባጃጁ ግን አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ መብራት ሌሊት ጥቂት ሰዓት ቢጠፋ እንኳ ጎህ ሲቀድ ሥራ ይወጣል።

ሥጋቱን አልደብቅም። የሆሳዕና መካኒክ የናፍጣን ሞተር ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን ይነግራችኋል፤ 400 ቮልት የሚያልፍበት ብርቱካናማ ገመድ ግን ያለ ሥልጠና የሚነካ አይደለም። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክ ኮሌጆቹ ይህን ትምህርት አሁን ቢይዙት ልጆቻችን ሥራ አያጡም። ገንዘቡም ቢሆን አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወንድሞች በላኩት ብር ስንት አይሱዙና ስንት ባጃጅ ተገዝቷል!

ታዲያ የሚቀጥለው ብር ሲመጣ፣ ወይም እቁቡ ሲወጣላችሁ፣ ሻጩን ስለ ባትሪው ጠይቁት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ክብደቱ ትንሽ ይብሳል እንጂ እየሞላ እየወረደ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ እንደሌላውም በቀላሉ እሳት አይይዘውም፤ ለጭነት ሥራ እሱ ይሻላል። ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ አስይዙ፣ መለዋወጫው ሆሳዕና ወይም ሻሸመኔ መገኘቱን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ።