ለእንግዳ የሚመች ማረፊያ

ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ሽመላ የተናገረው ሲነበብ ዘወትር ትዝ የሚለኝ የተወለድሁበት የአብያታ ሐይቅ ነው። በልጅነቴ ዳርቻው በወፎች የተሸፈነ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሼ ባየሁት ጊዜ ግን ውኃው ሸሽቶ፣ እግሬ የተሰነጣጠቀ ነጭ አፈር ረገጠ። ወፎቹ ወዴት ሄዱ የሚለው ጥያቄ ወደ ኢየሩሳሌም መጥቼ በገዳም ስኖርም አልተወኝም።

ዘንድሮ ከትንሣኤ በዓል በኋላ በኤላት የሚኖሩ ምእመናንን ለመጠየቅ ወረድሁ። በዚያም አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ወጣት ወደ ወፎች መጠበቂያ ስፍራ ወሰደችኝ። በጸደይ ወራት የሰሃራን በረሃ አቋርጠው ወደ ሰሜን የሚጓዙ ብዙ ወፎች ኃይላቸው ተሟጥጦ የሚወርዱት በዚህ ነው። ቀድሞ በባሕሩ ጫፍ የነበረው ሰፊ ጨዋማ ረግረግ በከተማና በእርሻ ተይዞ አብዛኛው ጠፍቷል። መጠበቂያው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተመሠረተው የቆሻሻ መጣያ በነበረ መሬት ላይ ነው፤ አፈር ተሞልቶበት ጨው የሚችሉ ቁጥቋጦዎች ተተከሉበት።

«ለወፎቹ ምን ያህል ውኃ ይበቃቸዋል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አባ፣ አስቀድሞ ራሳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል» አለችኝ።

አጠያየቁም እንዲህ ነው። ወፏ በስስ መረብ ተይዛ ትመዘናለች፤ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት በእግሯ ገብቶላት ትለቀቃለች። ከቀናት በኋላ ዳግም ስትያዝ ክብደቷ ጨምሮ ከተገኘ፣ ስፍራው እንደ መገባት ይታወቃል። እንደ ሽመላ ባሉት ትላልቆች ጀርባ ላይ ደግሞ ቀላል መሣሪያ ይታሰራል፤ እርሱም የት እንደሚመገቡና የት እንደሚያድሩ በሳተላይት በኩል ያስታውቃል። ረጅም እግር ያለው ፍላሚንጎ ውኃው እስከ ጉልበቱ ቢደርስም ይመገባል፤ ድንቢጥ የምታህለው የጭቃ ወፍ ግን ውኃው ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ምግቧን አታገኝም። ስለዚህ ኩሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥልቀት ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ትንሿ ወፍ እንደ ተራበች ታልፈዋለች።

ይህን ስሰማ ልቤ ወቀሰኝ። በሰሙነ ሕማማት አንዲት አረጋዊት እናት ከሀገር ቤት መጥተው ነበር። እኔም እንግዳ ተቀባይ ነኝና ከሁሉ የተሻለውን፣ በላይኛው ፎቅ ያለውን ክፍል ሰጥቻቸው ደስ ብሎኝ ሄድሁ። በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በድንጋይ ላይ አድረው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣላቸውም ነበር። እርሳቸው አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከኤላት ከተመለስሁ ወዲህ ለእንግዳ ቁልፍ ከመስጠቴ በፊት አካሄዱን እመለከታለሁ፤ ሌሊት ምን እንደሚያስፈልገውም እጠይቃለሁ። አብያታም ከኤላት ጋር በአንዱ ታላቅ ስምጥ ሸለቆ ላይ ያለ ማረፊያ ነውና፣ ውኃው እንዲመለስለት የሚደክሙ ሁሉ ወፎቹ የሚቆሙበትን ጭቃ አስቀድመው ያጥኑ ዘንድ እመኛለሁ።

ወደ ቅዱሳት መካናት የምትመጡ ወገኖቼ ሆይ፣ እናንተም በደረሳችሁ ጊዜ የሚያስፈልጋችሁን አትደብቁን።