ሊቶቬል ደርሶ መልስ

ከቪየና ዋናው ባቡር ጣቢያ ጠዋት ልሳፈር ስል አንድ ያገሬ ልጅ አገኘኝና «ወዴት ነው?» አለኝ። «ሊቶቬል» አልኩት። «እዚያ ደግሞ ማን አለ?» ሲል ጠየቀ። እውነቱን ነው። ስደተኛ ባቡር የሚሳፈረው ወይ ለዘመድ ጥየቃ፣ ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ለወረቀት ጉዳይ ነው። እኔ ሊቶቬል ውስጥ ዘመድም፣ ጉዳይም፣ እንጀራ የሚጋግር ሰውም የለኝም። የሸክላ ማጫወቻዬን የትውልድ ከተማ ላይ ነው የምሄደው ብለው ስደቱ አናቱ ላይ ወጣ ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። «ለሥራ ነው» አልኩትና ተገላገልኩ። ለእናንተ ለአንባቢያን ግን ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

አባቴ ሲያርፍ ለቀብሩ አልደረስኩም። እዚህ ለትምህርት መጥቼ ማስተርሴን ስጨርስ የምሠራበት ጋዜጣ ተዘግቶ፣ ባልደረቦቼም ተበታትነው ነበርና መመለሱ በዚያው ቀረ። ከአርባው በኋላ እናቴ በሰው እጅ አንድ እሽግ ላከችልኝ። ብፈታው በሁለት ካርቶን መካከል ገብታ በነጠላ የተጠቀለለች ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ፤ የአለማየሁ እሸቴ፣ የአምሃ ሪከርድስ ማኅተም ያለባት።

ለወጣቶቹ አንባቢያን፦ አምሃ እሸቴ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር የነበረውን የሸክላ ሥራ ደፍሮ የገባበት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የመጀመሪያዋም ሸክላው የአለማየሁ ነበረች። የሚያትም ፋብሪካ አገር ቤት ስላልነበረ ሸክላዎቹ ሕንድና ሊባኖስ እየታተሙ ይመጡ ነበር። በ1975 አምሃም እንደኛው ስደት ወጣና አሜሪካ ገባ። እሱም አለማየሁም በ2021፣ በወራት ልዩነት አረፉ። ስለዚህ እናቴ የላከችልኝ ዕቃ በገበያ ተሂዶ የሚተካ አይደለም። ዘፈኑን በሲዲም በስልክም መስማት ይቻላል፤ የአባቴ ጣት ያረፈባት ሸክላ ግን አንድ ናት።

እኔ ሞኙ ታዲያ ምን አደረግሁ? ከአንድ መደብር ሻንጣ የምትመስል ቀይ ማጫወቻ ገዛሁ። ታምራለች፣ ርካሽ ናት፣ ስፒከሯም ከሆዷ ውስጥ ነው። አባቴን ያገኘሁ መስሎኝ ያችን ሸክላ በሳምንት ውስጥ ሃያ ጊዜ አስጮህኳት። በተለይ የጀርባዋን ዘፈን ደጋግሜ። ሳምንቱ ሲያልቅ «ሰ» የምትለው ፊደል በመጣች ቁጥር አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ቆርቆሮ ታንሿሿ ጀመር።

በሰፈራችን ሬድዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ቡና ልጋብዛቸው ቤት ጠርቼ አሰማኋቸው። አንድ ደቂቃም አላዳመጡ፤ ተነሥተው ክንዱን በጣታቸው ብድግ አደረጉና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ማጫወት ሳይሆን ማረስ ነው! ሞፈርና ቀንበሩ ብቻ ነው የቀረህ!» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። እንዲህ ዓይነቶቹ የሻንጣ ማጫወቻዎች መርፌያቸው ድፍን ክብ ነው፤ ሸክላውን የሚጫኑትም አምስት ግራምና ከዚያ በላይ በሆነ ክብደት ነው። ደህና ማጫወቻ ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። ሦስት ግራም ምን አላት እንዳትሉ፤ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በዓይን በማትታይ የመርፌ ጫፍ ላይ ነው። ድምፅ የተጻፈበት የሸክላው ቦይ ግድግዳ ደግሞ ከፕላስቲክ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከናሽማርክት ጎን በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ተገኘሁ። ከቆርቆሮ ትሪና ከሙት ጄኔራሎች ፎቶግራፍ መካከል ጥቁር የፕሮጄክት ማጫወቻ፣ «ደብዩት ሦስት» የምትባለዋን አየሁ። ሻጩ ሰማንያ ዩሮ ብሎ በስልሳ ተስማማን። ያለቀበቶ፣ መርፌዋ የጠመመ፣ አቧራዋ አንድ ኪሎ። የድሀ ማጫወቻ ናት፤ የኩባንያው ርካሽ መሥመር። ግን ክንዷ እውነተኛ ክንድ ነው፤ ክብደቱ ይስተካከላል።

ከዚያ በኋላ ያለው የስድስት ወር ታሪክ ነው፤ ባለቤቴ «ሁለተኛዋ ሚስትህ» ትላታለች። ጋሼ የሰጡኝ ምክር አንድ ነበር፦ «ገንዘብህን ሸክላውን ከሚነካው ጀምረህ ወደ ኋላ አውጣ።» በዚህ ነገር የተለከፈ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገዛው የሚያብረቀርቀውን ነው። እኔም ለዚያች ማጫወቻ የሚሠራውን ወፍራም የአክሪሊክ ሳህን ዓይኔን ጥዬበት ነበር። ጋሼ ከለከሉኝ፤ እስከዛሬም አልገዛሁትም።

ፊቷ ላይ የነበረው ካርትሪጅ የዴንማርኩ ኦርቶፎን ሥራ ነው፤ ኦኤም 5 የሚባለው። የዚህ ካርትሪጅ ደግነቱ አካሉን ሳትነቅሉ መርፌውን ብቻ ወደፊት ስባችሁ አውጥታችሁ የተሻለውን መሰካት መቻላችሁ ነው። ባለ 10 ቁጥሩን መርፌ ገዛሁ። ከማጫወቻው ከራሷ በለጠ። ወርቅ አንጣሪ የሚጠቀምባትን ዓይነት ትንሽ ሚዛን በጥቂት ዩሮ ገዝቼ ክንዱን አንድ ግራም ተኩል ላይ አቆምኩት። ካርትሪጁ ከቦዩ ጋር ቀጥ ብሎ እንዲቆም በወረቀት ላይ የታተመ መለኪያ አለ፤ ሁለቱን ብሎን አላልቶ፣ ትንፋሽ ውጦ፣ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር። ክንዱን ወደ ውጭ የምትስበው ትንሽ ክብደት ደግሞ የተንጠለጠለችው በፀጉር በመሰለ ክር ነው፤ ያችን ክር ሦስት ጊዜ በጥሼ ሦስት ጊዜ በማላነሳው ቃል ሰድቤያታለሁ።

የቀረው በነፃ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ ቀበቶ። ጠረጴዛውን በውኃ ልክ ማስተካከል። ማጫወቻዋን ስፒከሮቹ ከቆሙበት መደርደሪያ አውርዶ ለብቻዋ ግድግዳ ላይ መስቀል። ቤቱን ሙሉ የሚያስጨንቀው «እምምም» የሚል ድምፅ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ያልታሰረች አንዲት የመሬት ሽቦ ሆና ተገኘች። ከሸክላው ሥር የሚነጠፈው የሱፍ ጨርቅ አቧራ ሰብስቦ ሸክላው ሲነሣ አብሮ ስለሚነሣ በቡሽ ለወጥኩት። ይሄ ለድምፁ ብዙ ለውጥ አመጣ ብል እዋሻለሁ።

አሁን ወደ ባቡሩ። ከቪየና ወደ ሰሜን ድንበሩን ተሻግሮ ኦሎሞትስ ይደረሳል። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሥላሴ ሐውልት ያለባት ውብ ከተማ ናት፤ ሌላ ቀን እመለስባታለሁ። ከዚያ ቼርቬንካ በምትባል ጣቢያ ወርዶ በሌላ ትንሽ ባቡር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሊቶቬልን የሞራቫ ወንዝ ቅርንጫፎች ይቆራርጧታል፤ አንደኛው ከአደባባዩ ሥር ያልፋል፤ የማዘጋጃ ቤቱም ማማ የቆመው ከውኃው በላይ ነው። «የሃና ቬኒስ» የሚሏት ለዚህ ነው፤ ሃና የአካባቢው ስም ነው። ከ1893 ጀምሮ የራሷ ቢራም አላት። ቀመስኩ፤ ስድብ የለውም።

በሶሻሊስቱ ዘመን ቴስላ የተባለው የቼኮዝሎቫኪያ መንግሥት ድርጅት ሸክላ ማጫወቻ የሚሠራው እዚህ ነበር። ሥርዓቱ በ1989 ሲወድቅ ዓለም ወደ ሲዲ እየጎረፈ ነበር፤ ሰው ሸክላውን ከነማጫወቻው ከቤት ያወጣ ነበር። በዚያ ሰዓት፣ በ1991፣ ሃይንትስ ሊሽቴኔገር የሚባል አውስትሪያዊ ፕሮጄክትን መሥርቶ ርካሽና ደህና ማጫወቻ ሊቶቬል ውስጥ ማሠራት ጀመረ። ገበያ የናቀውን ሥራ እጃቸው የሚያውቅ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ጋዜጣው ተዘግቶበት እጁ ብቻ የቀረ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አልነግራችሁም።

ያለ ቀጠሮ ነበርና ወደ ውስጥ አልገባሁም። የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከደጃፍ ቆሜ ጀርመንኛ የምታውቅ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አገኘሁ። የማጫወቻዬን ፎቶግራፍ ከስልኬ አሳየኋት። አጉልታ አየችና ሳቀች፤ ከዚያ ስለ ቀበቶው ወይም ስለ መርፌው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ «አቧራዋን ጥረግላት እንጂ!» ብላኝ አውቶቡሷን ተከትላ ሄደች።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጠረግኋት። በዚያች ማጫወቻ 45 ዙር ለማጫወት ሳህኑን አንሥቶ ቀበቶውን በጣት ወደ ትልቁ ጎማ ማሸጋገር ግድ ነው፤ ሰነፍ ሰው አይወዳትም። እናቴ ጋ ደወልኩና ስልኩን ከስፒከሩ ፊት አቆምኩት። አዲሱ መርፌ ጫፉ ሞላላ ስለሆነ ክቡ መርፌ ያልደረሰበትን የቦዩን ግድግዳ ይነካል፤ ስለዚህ የተቀበረው ባስ ጊታር ወጥቷል፣ የአለማየሁም ትንፋሽ ይሰማል። መካከል ላይ ግን «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የምትል ጠባሳ አለች። እኔው ያመጣኋት መስሎኝ ስድስት ወር ሙሉ በመጣች ቁጥር የምሸማቀቅባት ጠባሳ።

«እሷ ጠቅታ አሁንም አለች?» አለች እናቴ።

«ታውቂያታለሽ እንዴ እማዬ?»

«አባትህ ናቸዋ! አንተን ታቅፈው ሲጨፍሩ በክርናቸው ማጫወቻውን ገጭተው። ዓመት አልሞላህም ነበር። ያን ቀን እንዴት እንደተቆጣኋቸው!» ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ሁለታችንም አልተናገርንም።

«በል እስቲ የጀርባዋን ደግሞ አሰማኝ» አለች።

የጀርባዋ ያረስኩት ነው። እዚያ «ሰ» ዛሬም ታንሿሿለች፤ ቀለል ብላለች እንጂ አልጠፋችም። የታረሰውን ደግሞ የትኛውም መርፌ አይመልሰውም። መሽቷል፣ ጎረቤት ተኝቷል አልኳት።