የማሙሽ እጅጌ

ላሊበላ፣ ጥር 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

እማዬ ጉልበቷ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነላት? እርጉዟ ልጅ ወለደች ወይስ ገና ናት? ስልክ ስሞክር አንዴ ይጠራና ይቋረጣል፣ አንዴ ጭራሽ አይገባም። ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ የሰፈራችን ሰዎች ስላገኘሁ ይህን ወረቀት በእነሱ እጅ ልኬዋለሁ። መልሱን በስልክም ቢሆን ቶሎ አድርጊልኝ።

መቼም መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ ገንዘቡ ነውና ከእሱ ልጀምር። ከወልዲያ የተሳፈርንበት ሚኒባስ የገና በዓል ነው ብሎ ታሪፉን እጥፍ አስከፈለን፤ ያውም በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት አድርጎ። አልጋውን 900 ብር አሉኝ። በአዘቦት ቀን 250 እንደሆነ ከዘበኛው ሰምቼ ስለነበር ተከራክሬ በ700 ያዝኩት። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ሙቅ ውሃ የለም። ሰዉ መበተን ሲጀምር 300 አደረጉልኝ። ሽሮ 60 ብር፣ ያውም ቀጭን ሽሮ፤ ቡና 10 ብር። ለእማዬ የላስታ ነጭ ማር ገዝቻለሁ፤ ኪሎው 220 ብር ነው፣ አንድ ብር እንኳ አልቀነሱልኝም። ስለ እኔ ግን አትስጊ። ሰው አገር እንዴት እንደሚታደር አውቃለሁ።

ጾሙን የፈታሁት በማላውቃቸው ሰዎች ቤት ነው። እዚህ በገና ሰሞን የከተማው ሰው በእግሩ ተጉዞ የመጣውን እንግዳ እግር አጥቦ፣ አብልቶ ያሳድራል። በመኪና የመጣሁትን እኔንም አንዲት እናት ከደጃቸው ይዘው አስገቡኝ። ዶሮው ደህና ነበር፤ ግን የመጀመሪያውን ጉርሻ ስቀበል የእማዬ እጅ ትዝ አለኝና መዋጥ አቃተኝ። እናንተስ ምን አረዳችሁ? በግ ስንት ገባ? እማዬ ከሰው ጋር ቁጭ ብላ በላች ወይስ እንደ ልማዷ ከጓዳ ሳትወጣ ዋለች? ዘንድሮ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ስለዋለ ቀኑ እንዳይዛባባት ሰግቼ ነበር። ስለ ቤዛ ኩሉ ዝማሬ ስመጣ በቃሌ እነግርሻለሁ፤ ካህናቱ ከላይ ከድንጋዩ አፋፍ፣ ከታችም ቆመው ሲያሸበሽቡ ያየሁትን በወረቀት አልችለውም።

አሁን ወደ ዘንቢሉ ልምጣ። ይዤው ስወጣ «እዚያም ሄደሽ አትጨርሺውም» ያልሽኝን አልረሳሁትም። በውስጡ ያለውን ታውቂዋለሽ፦ የማሙሽ ሰማያዊ ሹራብ ቀኝ እጅጌው የቀረ፣ የእማዬ የጉልበት ማሞቂያ ለአንዱ እግር ብቻ የተሠራ፣ የሚወለደው ልጅ ኮፍያ ገና ጠርዙ የተጀመረ፣ ከሥር ደግሞ ያ የጠረጴዛ ዳንቴል ኪሮሹ እንደተሰካበት። ስጀምር እንዴት እንደምጀምርም ታውቂያለሽ። መርካቶ ሄጄ ክሩን በጉንጬ እየዳበስኩ የመረጥኩ ዕለት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጀርባው ቶሎ ያልቃል፣ ደረቱም፤ ብብቱ ጋ መቀነሱ፣ አንገቱን ማዞሩ ሐሳብ ይፈልጋል፣ እጄም አያርፍም። አንደኛው እጅጌ ሲያልቅ ግን ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለኛል። ሁለተኛው ከፊተኛው ጋር አንድ ነው፤ የማላውቀው ነገር አልቀረበትም። ያኔ መርፌው ይከብደኛል። እናንተ ስንፍና ትሉታላችሁ፤ እኔ አልቀበልም። ሰነፍ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ሌላ አዲስ ሹራብ አይጀምርም። እሑድ እሑድ ቡና ላይ ተሰብስበን ስንሠራ ጊዜ ጓደኞቼ «የት ደረሰ?» ስለሚሉኝ እጨርስ ነበር። እነሱ ከተበተኑ ወዲህ የሚጠይቀኝ የለም። ከመካከላቸው አንዷ እንኳ ወደ ቤት ደውላ ታውቃለች? ካናዳ ያለችውስ?

ስንመጣ ጣርማበር ላይ ልጆች የሱፍ ኮፍያ በመኪናው መስኮት አሳዩን። አንዱን ገልብጬ ውስጡን አየሁት፤ ጥብቅ ያለ፣ ረድፉ የተስተካከለ ሥራ ነው። የሸጠልኝ ልጅ «እናቴ ናት የሠራችው» አለኝ። እዚህ ግን ገልብጬ በማየቴ ተዋረድኩ። ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ አንድ የሱፍ የአንገት ልብስ አነሳሁና እንደ ልማዴ ጠርዙ ላይ ገለበጥኩ። ሻጯ ከእጄ ነጥቃ «አበሻ አይገዛም፤ ለማየት ከሆነ ቤተ ክርስቲያኖቹ እዚያ ናቸው» አለችኝ። ፈረንጅ ለመግቢያ ትኬቱ ብቻ 50 ዶላር ስለሚከፍል ዓይናቸው ሁሉ ወደ እሱ ነው። እኔም «እህቴ፣ ጫፉ አልታሰረም፤ መጀመሪያ ሲታጠብ ይተረተራል» ብያት ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ አልታሰረም። መንገዱን ቀና ብዬ ሄድኩ፤ ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ። ይህን ለእማዬ አታንብቢላት።

ማታ ማታ ነው የሚከብደው። ከተማው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ፀሐይ እንደገባች ብርዱ አጥንት ይገባል። አልጋዬ ላይ ባና አለ፤ የበግ ጠጉሩ ሽታ ገና አልለቀቀውም፣ ቢከብድም ያሞቃል። ቴሌቪዥኑን ያከራየችኝ ሴትዮ በዳንቴል ሸፍናዋለች። ያንን ዳንቴል እያየሁ የእኛን ሳሎን አስባለሁ። መብራት ሲጠፋ የምሰማው የራሴን መርፌዎች ሲጋጩ ብቻ ነው። ውሃ ወደ ቤት መምጣት ጀመረ? ዕቁቡስ ለማን ወጣ?

ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ቆሜ አየሁት። ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው፤ መጀመሪያ ጣሪያው፣ መጨረሻ ወለሉ፣ ወደ 12 ሜትር ያህል። እኔ ከታች ጫፉ ጀምሬ ወደ ላይ እሠራለሁ፣ ካልጣመኝ እተረትረዋለሁ። ድንጋይ አይተረተርም። አስጎብኚው 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት በ23 ዓመት አለቁ፣ ሰው ቀን የጠረበውን ያህል ሌሊት መላእክት ይጨምሩበት ነበር ብሎ የአባቶችን ትውፊት ነገረን። ቤተ አባ ሊባኖስን ደግሞ የንጉሡ ባለቤት መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ በአንድ ሌሊት እንዳነጸችው ይነገራል። ሰዉ በመላእክቱ ሲደነቅ የእኔ ሐሳብ ከጠራቢዎቹ ጋር ቀረ። ብዙ ዓመት አንድ ድንጋይ ላይ! ጠዋት ተነስቶ መሮውን የሚያነሳው በምን ልቡ ነው? ከዚያ ቤተ ማርያም ስንደርስ መስኮቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። አንዱ የአንዱ ግልባጭ አይደለም። የመስቀሉ ቅርጽ ከመስኮት መስኮት ይለያያል። ሊቃውንቱ ምሥጢር እንዳለው ያስረዳሉ፣ እሱን ለእነሱ ልተወው። እኔ ግን እጁ ሥራ የለመደ ሰው ሁለተኛውን መስኮት እንደ ፊተኛው አድርጎ መድገም አልሆንልህ ብሎት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እትዬ፣ እዚያ ድንጋይ ሥር ቆሜ ልቤ ተነሳ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ከደጋው የወረዱ አንድ እናት ጥቂት ገብስ ዘርግተው እየሸጡ በእንዝርት የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለ ሱፍ አይኖርም። አጠገባቸው ተቀምጬ የማሙሽን ሹራብ ከዘንቢሉ አወጣሁ።

«ለማን ነው እሱ?» አሉኝ።

«ለእህቴ ልጅ ነው እማማ።»

«ታዲያ አንድ እጁን በብርድ ልትፈጂው ነው?»

መልስ አጣሁ። ጠጉሩ ታጥቦ፣ ተባዝቶ፣ በደጋን ተነድፎ እንዴት እንደሚፈተል አስረዱኝ። መፍተል ይወዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? «ማን ይወደዋል! ጣቴን ይበላኛል፣ ዓይኔን ይይዘኛል።» የእሳቸውም ባና ከክረምት በፊት ጀምሮ ሸማኔው ቤት ተቀምጧል፤ ማጉ ስላልደረሰ። ሌላ ሥራ ይመጣል፣ አጨዳ ይመጣል፣ ሰው ይታመማል፣ እንዝርቱ ግድግዳ ላይ ይውላል። በሰው ችግር ደስ አይበለኝ እንጂ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚያውቀኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ጥቁሩን የበግ ክር ልቃቂቱን በ30 ብር ገዛኋቸው። 40 ብለው ነበር የጀመሩት።

ክሩ ለሸማኔ የተፈተለ ስለሆነ የከረረ ነው፣ እጅም ይቧጭራል። ደርቤ አጠመዘዝኩት፣ በሞቀ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት፣ ድንጋይ አንጠልጥዬበት ሰቀልኩት። ግቢው በግ በግ ሸተተ ብላ አከራዬ ተቆጣች። ላላ ሲል ግን ደስ የሚል ክር ወጣው፤ ጥቁር ያልኩሽ ፀሐይ ላይ ሲታይ ቡናማ አለበት። ውፍረቱ ከመርካቶው ክር ስለሚለይ የረድፉን ብዛት እንደገና ማስላት ነበረብኝ፣ አንጓው ጋ ደግሞ እንዳይቆረቁረው በሰማያዊው ክር ጀመርኩለት። እጅጌው ክርኑ ጋ ደርሷል። አዎ እትዬ፣ ክርኑ ጋ! ትናንት ሻማው እስኪያልቅ ሠራሁ።

አሁን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ሰማያዊ ሹራብ፣ አንድ እጅጌው ጥቁር። ማሙሽ ይወደዋል? ትምህርት ቤት ልጆቹ ይስቁበት ይሆን? አንቺ በራስሽ አትወስኚ፣ እሱን ጠይቂው። የላስታ በግ ነው በይው፣ ደጋ ላይ የሚውል፣ ጥቁር። እምቢ ካለ ተርትሬ በሰማያዊው እሠራዋለሁ፤ እጨርሰዋለሁ ማለቴ ነው። እሺ ካለ ግን የእማዬንም ሁለተኛ ጉልበት በዚሁ ክር እሠራለሁ። ሱፉ ለቁርጥማት ደህና ነው ይላሉ። አሁን እማዬ ለጉልበቷ ምን ታደርጋለች? ያንን ቅባት እየቀባሽላት ነው?

እስከ ጥምቀት እዚሁ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በስልክ እንነጋገራለን። ማሩን ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ፤ ክዳኑን በፕላስቲክ አስሬዋለሁና ሲደርስሽ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው። ልጅቷ ከወለደች ሴት ይሁን ወንድ ቶሎ አስታውቂኝ፣ ኮፍያው ጠርዙ ላይ ቆሟል። የማሙሽንም እጅ ከትከሻው እስከ አንጓው ለኪልኝ፤ ክንዱን አጠፍ አድርጎ፣ በሜትር ይሁን፣ በስንዝር አይደለም። እኔ የያዝኩት ልክ የመስከረም ነው፣ እስካሁን አድጎ ይሆናል።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ እህትሽ