ግንድ ይዞ የሚዞር ወንዝ፦ የጎርፍን ምት በሰባራ ድልድይ ላይ ስለ ማስላት

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ደራሽ ውኃና ውኃው ይዞት የሚመጣው ግንድ በድልድይ ላይ የሚያሳርፉትን ኃይል በፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር ማስላት ነው። በዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር በብዛት የሚጠናው የመኪና ግጭትና ፍንዳታ ነው። እኔን ወደ ወንዝ የመራኝ የተወለድሁበት አገር፣ ወገዳ፣ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደጋ ቁልቁል የሚወርደው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ስለሆነ፣ ክረምት ሲገባ ገበያም፣ ሕክምናም፣ ዘመድ ጥየቃም በወንዝ ሙላት ይወሰናል።

ከመሻገሪያዎቹ ሁሉ ለጥናቴ የተስማማው ሰባራ ድልድይ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ የእስቴንና የአንዳቤትን አገር ዓባይን አሻግሮ ከሞጣ ጋር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ፈረሰ፤ ስሙንም ከዚያ አገኘ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛ የሚሻገረው ከስብራቱ ወዲህና ወዲያ በቆሙ ሰዎች ጉልበት በገመድ እየተጎተተ ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የተመለከቱት አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2002ም ስብራቱ በብረት ተቀጠለ። ጥቂት ክረምቶች አልፈው ግን ጎርፍ ብረቱን ወሰደው።

እንዲህ ያለውን አደጋ ሶፍትዌሩ የሚያሰላው አካሉን ወደ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የእንቅስቃሴን ሕግ በመፍታት ነው። የግጭት ስሌት ዛሬ ላለበት ደረጃ የበቃው ጆን ሃልኪስት እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ በጻፉት ዳይና 3ዲ በተባለ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ኤልኤስ ዳይና የዚያ ልጅ ነው። የአሠራሩ ዋና ገደብ ጊዜ ነው። የአንድ ስሌት እርምጃ ድምፅ አንዱን ክፍል አቋርጦ ለማለፍ ከሚፈጅበት ጊዜ መብለጥ የለበትም። ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5000 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክፍል እርምጃው 2 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው። አንዲት ሰከንድ 500,000 እርምጃ ትጠይቃለች ማለት ነው። ለሰዓታት የሚቆይ ሙላት በዚህ መንገድ ከዳር እስከ ዳር አይሰላም። አጥኚው ከሙላቱ ውስጥ ጥቂት ሰከንዶችን መርጦ ማውጣት አለበት፤ ምርጫውም የእርሱ እንጂ የማሽኑ አይደለም።

ውኃና ብረት አንድ ላይ ሲሰሉ ደግሞ ሁለት መረብ ያስፈልጋል። የብረቱ መረብ ከብረቱ ጋር ይታጠፋል፤ የውኃው መረብ ባለበት ቆሞ ውኃው በውስጡ ያልፋል። በሚገናኙበት ወለል ላይ ውኃው ግፊቱን ለብረቱ፣ ብረቱም እንቅስቃሴውን ለውኃው በየእርምጃው ይሰጣሉ።

ማሽኑን ከማመኔ በፊት የኃይሉን መጠን በእጄ አሰላለሁ። በሰከንድ 4 ሜትር የሚፈስ ውኃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ800 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚተካከል ግፊት አለው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ለመሐንዲስ ሌላ ትርጉም አለው። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ግንድ በዚያው ፍጥነት በጫፉ ቢመታና የግንዱ ግትርነት በሜትር 2.4 ሚሊዮን ኒውተን ተብሎ ቢወሰድ፣ ምቱ 139 ኪሎ ኒውተን ገደማ፣ ማለትም የ14 ቶን ክብደት ያህል ነው። የድንጋይ ድልድይ እንዲህ ያለውን ምት በክብደቱ ይችለዋል። ቀላል የብረት ርብራብ ግን የሚጸናው በማሰሪያዎቹ ብቻ ነው፤ ክፍተቶቹም ቅርንጫፍና ገለባ ሲይዙ ውኃው የሚገፋው ገጽ ይሰፋል። ብረቱን ማወፈር የገጹን ስፋትም ስለሚጨምር የታሰበውን ያህል አያድንም።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን በአንድ ቁጥር ላይ የቆመ ነው፦ ውኃው እስከ የት ይደርሳል? ሙላቱ ከድልድዩ ወለል በታች ካለፈ በወለሉ ላይ የሚያርፈው ግፊትም ምትም ዜሮ ነው። ከደረሰበት ደግሞ ከላይ የጻፍሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ሲሙሌሽን ሊሰጠን የሚችለው ትልቁ ምክር «ይህን ያህል አወፍር» የሚል ሳይሆን «እዚህ ከፍታ ላይ አትቁም» የሚል ነው። በኋላ ሰባራ ድልድይ አጠገብ የተሠራው መሻገሪያ በገመድ የተንጠለጠለ፣ ከውኃው ከፍ ያለ ድልድይ መሆኑም ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ይስማማል።

የውኃውን ከፍታ ሶፍትዌሩ አይፈጥረውም፤ ከውጭ ይቀበለዋል እንጂ። መለኪያ ባልተተከለባቸው ገደሎች ይህ ቁጥር የሚገኘው ከሁለት ቦታ ነው፦ ጎርፉ በዓለት ላይ ከተወው ምልክትና ከሰው ትዝታ። ሙላቱ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደደረሰ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ግንድ እንደተወ የሚያውቁት በዳርቻው የኖሩ አረጋውያን ናቸው። በየዓመቱ ከእነርሱ አንዳንዱ ያልፋል፤ ያየውም ሳይመዘገብ አብሮት ይሄዳል።

በመሆኑም በዚህ ዘርፍ ለሚሠሩ ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። መረቡን ከማጥራትና የኮምፒውተር ጉልበት ከመፈለግ አስቀድሞ ሜትርና ማስታወሻ ይዞ ወደ ወንዙ መውረድ፣ የሙላቱን ምልክት ከአገሬው ጋር ሆኖ መለካት፣ የተናገረውን ሰው ቃልና የምልክቱን ከፍታ ጎን ለጎን መመዝገብ ይገባል። በድልድዩ ላይ የሚያልፉት ቃሬዛ ተሸካሚ፣ ገበያተኛና ተማሪ ናቸው። ሕይወታቸውን የምናሳርፍበት ቁጥር ተገምቶ የገባ መሆን የለበትም።