ተኳሹ ከመወቀሱ በፊት

ጥይት ዒላማውን በሳተ ጊዜ ተኳሹን መውቀስ የቆየ ልማድ ነው። እኛ ግን ጠመንጃ ፈትተን በመረመርን ቍጥር ጥፋቱን ብዙ ጊዜ ከብረቱ ላይ አግኝተነዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. የጀርመን ጦር የተቀበለው ሞዘር በመቀርቀሪያው ራስ ላይ ሁለት ጥርሶች አሉት። ባሩዱ ሲነድ ወደ ኋላ የሚገፋውን ኃይል ሁለቱ እኩል ሊሸከሙት ይገባል፤ በስተኋላ ያለው ሦስተኛው ጥርስ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ መደገፊያውን የነካ እንደ ሆነ፥ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ጥይቶቹም ይበታተናሉ።

አንድ ሽማግሌ «ዐይኔ ደከመ» ብለው እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ሊሸጡ ቈርጠው ነበር። ባዶ መሆኑን አረጋግጠን ጥርሶቹን በስሱ ቀለም ቀባን፤ መቀርቀሪያውንም ወደ ኋላ እየሳብን ደጋግመን ከፍተን ዘጋን። ቀለሙ ከአንዱ ጥርስ ለቀቀ፤ በሌላው ላይ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

መድኃኒቱ የሚነካውን ጥርስ በደቃቅ የመሳያ ዱቄት ጥቂት በጥቂት ማሸት ነው። ነገር ግን የሞዘር ብረት የጠነከረው ላይ ላዩን ነው፤ ሽፋኑ ካለቀ ውስጡ ለስላሳ ነው። ጥርሱም ባነሰ መጠን መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ክፍተቱ ከልክ ካለፈ ቀለሁ ተቀድዶ የጋለው ጋዝ በተኳሹ ፊት ላይ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ባሸን ቍጥር እየለካን፥ ሁለተኛው ጥርስ መንካት ሲጀምር ሥራችንን አቆምን።

መምህር ተማሪውን፥ አለቃም ጸሓፊውን ከመውቀሱ በፊት በእጁ የሰጠውን መሣሪያ ይመርምር፤ ሲያርምም የተፋቀ ብረት እንደማይመለስ ያስብ።