ከእናቴ ባና ጋር ወደ ደብረ ብርሃን

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ይዤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ለሽርሽር አልነበረም። ልጄ ቤቱን ሲያሳድስ የእናቴን ባና አውጥቶ «አባባ፣ ይኼ ይኮሰኩሳል፤ ለምን አንጥለውም?» ስላለኝ ነው የሄድኩት። እናቴ የመንዝ ሰው ነበረች። ፀጉሩን ራሷ ፈትላ ነው ለሸማኔ የሰጠችው። ባና በጠባብ በጠባቡ ተሸምኖ ጎን ለጎን ይሰፋል፤ የእኛው ስፌቱ ተተርትሮ ነበር።

ሰው ጠይቀን አንዲት ምንጣፍ ሠሪ ቤት ደረስን። ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ ልቃቂት ተከምሯል። ቀለም የተነከረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በጎቹ እንደተፈጠሩ ነው! የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ ለገላ ይኮሰኩስ እንጂ ለእግር የሚችለው የለም።

ፀጉሩ ተሸልቶ ይታጠባል፤ አሜኬላው በእጅ ይለቀማል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ምንጣፍ ሠሪዋ በቆመ እንጨት ላይ በተወጠረው ድር መካከል ማጉን በጣቷ እያሳለፈች ወደ ታች ትመታዋለች። ሰዓት ሙሉ ቆመን አየናት፤ ያደገው ስንዝር አይሞላም።

ዋጋ ጠየቅሁ። ነገረችኝ። እንደ ልማዴ «ትንሽ ቀንሺልኝ እንጂ ልጄ» አልኩ።

«አባባ፣ ከማን ላይ ልቀንስ? ከእኔ ነው ከፈታይዋ?»

ፈታይዋ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔን በዕድሜ ይበልጡኛል። ልጆቹ መፍተል ስለተዉ ሠሪዋ ክር የምትጠብቀው ከእሳቸውና ከጥቂት እኩዮቻቸው ብቻ ነው። ምን እመልሳለሁ? ትንሿን ምንጣፍ ባለችው ዋጋ ገዛሁ።

ባናውን ስዘረጋው እትዬ ክሩን በሁለት ጣታቸው አሹት። «የማን እጅ ነው?»

«የእናቴ።»

«እጇ እኩል ነው» አሉ። ስፌቱን የጀመሩትም እሳቸው ናቸው፤ ሠሪዋ ጨረሰችው።

የልጅ ልጄ ግን ዓይኗ እንዝርቱ ላይ ነበር። ሞከረች፤ ተበጠሰባት። ደግማ፣ ደግማ ሞከረች። እትዬ ሳቁና አንድ አሮጌ እንዝርት ከእፍኝ ፀጉር ጋር ሰጧት። ስንመለስ ባናውን ጉልበቷ ላይ ደርባ ስትታገል ቆይታ፣ ሸኖ ስንደርስ አንድ ክንድ የምታህል ክር አሳየችኝ፤ አንድ ቦታ እንደ ገመድ የወፈረች፣ ሌላ ቦታ ልትበጠስ የደረሰች።

«አባባ፣ ይቺ ለምን ትሆናለች?» አለችኝ።