ዶኑዋ

ባለፈው ጊፋታ ልጆቼን ይዤ ሶዶ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። እናቴ ትኩስ ቅቅል በሰፌድ አቅርባ፣ ዳጣውን ከጎኑ አስቀምጣ "ብሉ" ስትለን፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችው። ቀጠን፣ ረዘም ብሎ ጣት ይመስላል።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የወላይታ ድንች።"

"እዚህ ወላይታ ውስጥ ሆነንም የወላይታ ድንች ነው የሚባለው?"

የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄዋን ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ አማርኛ ትሰማለች፣ መናገሩ ግን ይከብዳታል። ልጄ ደግሞ ያኔ ከወላይትኛ የምታውቀው "ሳሮ" የሚለውን ሰላምታ ብቻ ነበር። እናቴ ሳቀችና "ስሙ ዶኑዋ ነው" አለች። "ወላይታ ዶኑዋ የምንለው ከሌላኛው ለመለየት ነው።"

ሌላኛው የምትለው ሁላችሁም ወጥ ውስጥ የምትጨምሩትን ድንች ነው። አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላም ነገሩ ስላልለቀቀኝ ስለ ሁለቱ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ ዘመዳሞች እንኳ አይደሉም! የወላይታ ድንች የበሶብላና የጦስኝ ወገን ነው፤ እዚሁ ኢትዮጵያ የበቀለ፣ አያቶቻችን ሥሩን ቆራርጠው እየተከሉ ያቆዩት። ሌላኛው የቲማቲምና የቃሪያ ዘመድ ነው። መነሻው የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ሲሆን፣ ወደ አገራችን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል። "ድንች" የሚለው ስም ቀድሞ የአገሬው ሥር መጠሪያ እንደነበር፣ በኋላ ወደ እንግዳው እንደተሻገረም ይባላል። ባለቤቱ ስሙን ለእንግዳ ከለቀቀ በኋላ ቅጽል አስፈለገው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች "ዲኒቻ ኦሮሞ" ይሉታል። እንደየአካባቢው የአገው ድንች፣ የጋሞ ድንች፣ የጉራጌ ድንች ሲባልም ትሰማላችሁ። ያበቀለው ሁሉ የእኔ ይለዋል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። "ባታታ" በካሪቢያን ደሴቶች የሚኖሩ የታይኖ ሕዝቦች ለስኳር ድንች ያወጡት ስም ነበር። ከአንዲስ ተራሮች የመጣው ድንች ደግሞ በኬችዋ ቋንቋ "ፓፓ" ይባላል። አውሮፓውያን ሁለቱን አደባለቁና የስኳር ድንችን ስም ለእንግዳው ሰጡት። ዛሬ በፖርቱጋልኛ "ባታታ" ሲባል ተራው ድንች ነው፤ የስሙ የመጀመሪያ ባለቤት "ጣፋጩ ባታታ" ተብሎ ቀርቷል። ከፖርቱጋል በስተ ሰሜን ባለችው ጋሊሲያ ደግሞ ድንች "ፓታካ" ነው። ይህንኑ ቃል ይዛችሁ ማካው ብትሄዱ ገንዘብ ይሆንላችኋል፤ የዚያ አገር መገበያያ ስሙ ፓታካ ነውና። ላትቪያውያን "ካርቱፔሊስ" ይላሉ። ቃሉን ከጀርመኖች ወሰዱት፤ ጀርመኖች ደግሞ ከጣሊያኖች። ለጣሊያኖቹ የቃሉ ትርጉም ድንች ሳይሆን ከመሬት ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ ውድ የእንጉዳይ ዓይነት ነበር።

ይህን እያነበብኩ ሳለሁ የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። እኔም ዘንድ ባለቤቱ ለእንግዳው ስፍራ ለቋል።

ለትምህርት አዲስ አበባ የመጣሁ ሰሞን ክፍል ውስጥ አንብቢ ተብዬ ስነሳ በአነጋገሬ ተሳቀ። ያን ቀን ስወልድ ልጆቼ ላይ እንዲህ አይሳቅም ብዬ ወሰንኩ። ቃሌንም ጠበቅኩ። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፣ እንግሊዝኛቸውም ጥሩ ነው። ግን በየእሁዱ ለአያታቸው ስንደውል "ሳሮ" ብለው ስልኩን መልሰው ለእኔ ይሰጡኛል። እናቴ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። "ደህና ናቸው?" ብላ የምትጠይቀው እኔን ነው፤ እነሱን መጠየቅ አትችልማ።

ከጊፋታው በኋላ አንድ ነገር ጀመርን። በየእሁዱ ልጄ አያቷን አንድ ቃል ትጠይቃለች። ወረቀት ፍሪጃችን በር ላይ ለጥፈናል። ከላይ ዶኑዋ አለ። ከሥሩ ሃታ (ውሃ)፣ ቱኪያ (ቡና)፣ ኡታ (እንሰት) ተጽፈዋል። በዚህ አካሄድ ልጄ ቋንቋውን አትለምደውም፤ አልዋሻችሁም። የእናቴ ጆሮም እየደከመ ነው፤ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ መድገም ያስፈልጋል። ግን ቀድሞ ሁለት ደቂቃ የማይሞላው ስልክ አሁን ሩብ ሰዓት ይወስዳል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ቃል አይጠፋም። ጉራጌኛ፣ ሲዳምኛ፣ ትግርኛ ወይም የጎጃም ገበሬ አማርኛ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ገበታችሁ ላይ ካለው አንዱን ምረጡና እናታችሁን ወይም አባታችሁን በልጅነታቸው ምን ይሉት እንደነበር ጠይቁ። ልጆቹ አጠገባችሁ ይሁኑ። የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው።

ባለፈው እሁድ ልጄ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሳልነግራት "ጋላታይስ" አለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ተቀበልኩ። እናቴ ነበረች።

"ማን አስተማራት?" አለችኝ።

"አንቺ" አልኳት።